የቴፍሎን መጥበሻ ትልቁ አደጋ ፍርፋሪው አይደለም

የመጥበሻ ሽፋን ሲላጥ ብዙ ሰው የሚፈራው ከምግቡ ጋር የሚዋጠውን ጥቁር ፍርፋሪ ነው። ፍርሃቱ ባይገርምም ዋናው አደጋ እሱ አይደለም። ቴፍሎን (የኬሚካል ስሙ ፒቲኤፍኢ) ሞለኪውሉ እጅግ ረጅም ነው፤ ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙበት ትስስርም በጣም ጠንካራ ነው። ስለዚህ ሆድ ውስጥ አይሟሟም፤ እንደገባ ይወጣል። ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ መጥበሻ፣ እና ሽፋኑ ከሚመረትበት ፋብሪካ ወደ ውኃ የሚለቀቀው ኬሚካል።

ከሙቀቱ ልጀምር። ቴፍሎን እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አይጎዳም። ከዚያ በላይ ቀስ በቀስ መበላሸት ይጀምራል፤ 327 ላይ ይቀልጣል፤ 350ን ካለፈ ደግሞ እየፈረሰ መርዛማ ጋዝና በዓይን የማይታይ ብናኝ ይለቃል። ውኃነት ያለው ምግብ የሚበስልበት መጥበሻ እዚህ አይደርስም፤ ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይወስድለታል። ባዶ መጥበሻ ግን፣ በተለይ ስስ አሉሚኒየም ከሆነ፣ በከፍተኛ እሳት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 260ን ያልፋል። ጭሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል፣ ያስለዋል። ጉንፋን ስለሚመስል ከመጥበሻው ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የቤት ወፎች በዚሁ ጭስ ወዲያው ሊሞቱ ይችላሉ፤ ወፍ ያለበት ቤት ቴፍሎን ባይኖር ይሻላል።

ስለዚህ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ መጥበሻው ከመሞቁ በፊት ዘይት ይግባበት። አብዛኛው የምግብ ዘይት ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ባለው ውስጥ መጨስ ስለሚጀምር ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዘይቱ ከጨሰ እሳቱን ወዲያው ቀንሱ። ባዶው ተረስቶ ከጋለ እሳቱን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉ ውጡ። ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት፤ ብረቱ ይጣመማል፣ ሽፋኑም ይሰነጠቃል። የእንጨት ማንኪያ ተጠቀሙ። የተላጠውን ጣሉት፤ ከቆሻሻ ጋር ግን አታቃጥሉት፤ ያው ጋዝ ይወጣል።

የፋብሪካው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ቴፍሎን ሲመረት ለብዙ ዓመታት ፒኤፍኦኤ የሚባል ኬሚካል እንደ ሳሙና ሆኖ ያገለግል ነበር። በተጠናቀቀው መጥበሻ ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚወጣው ወደ አየርና ወደ ወንዝ ነበር። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ አጠገብ የነበረው፣ ቴፍሎን የሚያመርተው የዱፖንት ኩባንያ ፋብሪካ የአካባቢውን የመጠጥ ውኃ በክሎ በ2001 ተከሰሰ። ከክሱ ስምምነት የተቋቋመው የሳይንቲስቶች ቡድን እስከ 2012 ባወጣቸው ውጤቶች ኬሚካሉ ከስድስት በሽታዎች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ደመደመ፤ የኩላሊትና የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ በሽታ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2023 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ2 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በተፈጥሮ ግን አይፈርስም። ዘላለማዊ ኬሚካል የተባለው ለዚህ ነው።

በ2019 ፒኤፍኦኤ በስቶክሆልም ስምምነት (በተፈጥሮ የማይፈርሱ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ ውል) ከሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ገባ። በምትኩ የመጣው ጄንኤክስ ግን የዚያው ቤተሰብ ነው፤ በ2017 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መገኘቱ ብዙ ሕዝብ አስቆጥቷል። ስለዚህ መጥበሻ ላይ የሚለጠፍ «ፒኤፍኦኤ የለውም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያሳምነኝም። ፒቲኤፍኢም፣ ሌላ የፍሎሪን ውሁድም እንደሌለው የሚገልጽ ፈልጉ።

ውኃ የተበከለበት አካባቢ ያለ ሰው ማፍላት አይጠቅመውም፤ ውኃው ሲተንን ኬሚካሉ በቀረው ውኃ ውስጥ ጭራሽ ይበዛል። የሚሠራው የአክቲቭ ካርቦን (ኬሚካሉን ይዞ የሚያስቀር ልዩ ከሰል) ወይም የሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት የሚያሳልፍ) ማጣሪያ ነው። ካርቦኑ ከሞላ በኋላ ኬሚካሉን ያሳልፋልና በጊዜው መቀየር አለበት።

መጥበሻ ለሚቀይር የምመርጠው ከባዱን ጥቁር የብረት መጥበሻ ነው። የሴራሚኩ ሽፋን ፍሎሪን ባይኖረውም አለማጣበቁ ቶሎ ይጠፋል። ብረቱን አጥባችሁ እሳት ላይ አድርቁት፤ ውስጡንም ውጩንም በስሱ ዘይት ቀቡትና ዘይቱ የሌለ እስኪመስል በጨርቅ ወልውሉት። ኦቭን ውስጥ ደፍታችሁ በ230 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ እዚያው ይቀዝቅዝ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ዘይት ከበዛ ሳይደርቅ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈግፍጋችሁ እንደገና መጀመር ነው። ቲማቲምና ኮምጣጣ ነገር ለረጅም ሰዓት አታብስሉበት፤ አሲዱ የዘይቱን ሽፋን ይበላዋል።