ዋናው ጤና፦ የኬሊ ሆልምስ ዓመታትና የእንቁጣጣሽ ምኞቴ

ውድ ወዳጆቼ፣ በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ሆናችሁ ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

በዓል በመጣ ቁጥር አንድ የአትሌቲክስ ታሪክ ይዤ ወደ እናንተ መምጣት ልማዴ ሆኗል። ዘንድሮ ያነሳሁት የእንግሊዛዊቷን የመካከለኛ ርቀት ሯጭ የኬሊ ሆልምስን ታሪክ ነው። የራሳችን ጀግኖች ሞልተው ሳለ ለእንቁጣጣሽ ስለ እንግሊዛዊት መጻፍ ለምን አስፈለገ የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ታሪኳ ከእኛው ታሪክ ጋር የሚገጥምባቸው ምሽቶች አሉ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ሆልምስ በ1970 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በኬንት ተወለደች። በ12 ዓመቷ በቶንብሪጅ ከተማ የአትሌቲክስ ክለብ ገባች፤ አሠልጣኟም ዴቭ አርኖልድ ነበር። ብዙም ሳትቆይ በ1983 የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነች። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለች ልጅ ቀጥ ብላ ወደ ኦሊምፒክ ትሄዳለች ብሎ ማሰብ ይቀናል። እርሷ ግን ሩጫውን ተወት አድርጋ ከረሜላ በሚሸጥበት ሱቅ ሠራች፣ አካል ጉዳተኞችን በመንከባከብ ሥራም ተቀጠረች፣ በ18 ዓመቷ ገደማ ደግሞ ወታደር ሆነች። በሠራዊቱ ውስጥ መጀመሪያ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ቀጥሎም የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኝ ነበረች።

ወደ መሙ የመለሳት ቴሌቪዥን ነው። በ1992 የባርሴሎናን ኦሊምፒክ ስትመለከት፣ በልጅነቷ አብራት ትሮጥ የነበረች አንዲት እንግሊዛዊት በ3000 ሜትር ማጣሪያ ተሰልፋ አየች። ያ ኦሊምፒክ ለእኛ የደራርቱ ቱሉ ኦሊምፒክ ነው፤ ሌላውን ብዙም አናስታውሰውም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አንዲት ወታደር በዚያው ስርጭት የራሷን ያልተሄደ መንገድ አይታ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነበር። በ1994 በካናዳ ቪክቶሪያ የኮመንዌልዝ የ1500 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በዚያው ዓመት በሄልሲንኪ በአውሮፓ ሻምፒዮና ብር አገኘች። በ1995 በጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ከአልጄሪያዊቷ ሐሲባ ቡልመርካ ቀጥላ ሁለተኛ፣ በ800 ሜትር ሦስተኛ ወጣች። በዚያው ዓመት 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ56.21 ሰከንድ ሮጣለች። ይህን ሰዓት ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከ1996 ጀምሮ ግን ያቺ ሯጭ የምትታገለው ከሌሎች ሯጮች ጋር ብቻ መሆኑ ቀረ። ወደ አትላንታ ኦሊምፒክ የሄደችው እግሯ አጥንት ላይ ስንጥቅ ይዛ ነው። በዚያ ሁኔታ በ800 ሜትር አራተኛ ወጣች፤ ከነሐሱ የለያት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ነሐሱን የወሰደችው ሞዛምቢካዊቷ ማሪያ ሙቶላ ነበረች፤ ይህችንም ስም ያዙልኝ። በዓመቱ፣ በ1997፣ ሆልምስ 1500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ58.07 ሰከንድ ሮጣ የብሪታንያን ክብረ ወሰን ያዘች። ለወርቅ ከሚጠበቁት ቀዳሚዋ ሆና ወደ አቴንስ የዓለም ሻምፒዮና ገባች። በመጀመሪያው ማጣሪያ የተረከዟ ጅማት ተጎዳ፤ የባቷም ጡንቻ ተቀደደ። እያነከሰች ጨረሰች፤ የዓመቱም ነገር በዚያው አበቃ።

ስለ ሆልምስ የሚነገረው የተለመደ ታሪክ ከዚህ በኋላ እንዲህ ይላል፦ ተስፋ አልቆረጠችም፣ ስለዚህም አሸነፈች። እኔ በዚህ አነጋገር አልስማማም፤ ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለማልስማማ ነው። በ1996 ተስፋ ቆርጣ ነበርን? በ1997ስ? በእነዚያ ዓመታት ብርታቷ አንድም አልጎደለም፤ ፍጥነቷም እንዲሁ። የጎደላት ጤና ነው። ይህን ሳንለይ ስናወራ፣ ታሞ ወይም ተጎድቶ የቀረውን ሰው ሁሉ "አንተም እንደ እርሷ ብትበረታ ኖሮ" ብለን ሳናስበው እንወቅሰዋለን። በየሠፈራችን እንዲህ ያለ ወቀሳ የሚሰማ ሰው አለ፤ ስንፍና የሌለበት፣ ሕመም ብቻ ያለበት።

በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በዚያው ዓመት በደረሰባት ጉዳት በቂ ልምምድ ሳታደርግ ተሰልፋ በ800 ሜትር ነሐስ አገኘች። ወርቁ የሙቶላ ነበር። በ2002 በማንቸስተር የኮመንዌልዝን የ1500 ሜትር ወርቅ ዳግም ወሰደች። በ2003 ከሙቶላና ከአሜሪካዊቷ አሠልጣኝ ከማርጎ ጄኒንግስ ጋር መለማመድ ጀመረች። በኦሊምፒክ ደጋግማ የቀደመቻት ሴት ጓደኛዋና የልምምድ አጋሯ ሆነች ማለት ነው፤ በስፖርት ዓለም ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ነገርም ነበር። ተደጋጋሚው ጉዳት አእምሮዋን አድክሞት፣ በከባድ ጭንቀት ውስጥ ወድቃ ራሷን እስከ መጉዳት መድረሷን ከጊዜ በኋላ በግልጽ ተናግራለች። ይህን ሁሉ ማንም ሳያውቅላት፣ በዚያው ክረምት በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ከሙቶላ ቀጥላ ብር ወሰደች። ፎቶግራፍ ላይ ፈገግ ያለች ባለሜዳልያ ናት። ስለ ጤና ስናወራ ጅማትና አጥንትን ብቻ እንዳናስብ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ የአእምሮን ሕመም ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ይደብቀዋል፤ የታመመውም ብቻውን ይሸከመዋል። አንዲት የዓለም ባለሜዳልያ አደባባይ ወጥታ መናገሯ ከወርቆቿ የማያንስ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ 2004 ልምጣ። ዓመቱ በመልካም አልጀመረም፤ ማርች ላይ በቡዳፔስት የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ፍጻሜ ወድቃ ዘጠነኛ ሆነች። የዚያን ውድድር ወርቅ የወሰደችው የእኛዋ ቁጥሬ ዱለቻ ናት። ቁጥሬን ዛሬ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በረጅም ርቀት ዝነኞቻችን ጥላ ሥር ተሸፍና የቀረች የመካከለኛ ርቀት ባለድል ናትና በዚህ በዓል ስሟን በክብር ላንሣው።

ሆልምስ ግን ከዚያ ውድቀት ያለ ጉዳት ተነሣች። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ጤና ለኦሊምፒክ ደረሰች። ዕድሜዋ 34 ነበር።

ነሐሴ 17 ቀን 1996 ዓ.ም. ሰኞ ነው፤ ፍልሰታ የተፈታው በዋዜማው እሑድ ነበር። የአቴንስ ሰዓት በዚያ ወራት ከእኛ ጋር አንድ ነውና ምሽቱን ከቴሌቪዥን ፊት የሚነሣ አልነበረም። የምንጠብቀው የ5000 ሜትር ፍጻሜን ነው፤ መሠረት ደፋር ወርቁን፣ ጥሩነሽ ዲባባ ነሐሱን አመጡልን። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም ላይ የሴቶች 800 ሜትር ፍጻሜም ተካሄደ። የመጀመሪያው ዙር እጅግ ፈጣን ነበር፤ ሆልምስ አልተከተለችውም፤ ከኋላ ቆየች። በሁለተኛው ዙር አንድ በአንድ እያለፈች መጣች፤ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ሙቶላን አለፈቻት። ሞሮኳዊቷ ሐስና ቤንሐሲና ስሎቬኒያዊቷ ዮላንዳ ቼፕላክ ከጎኗ ደረሱ። ሆልምስ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አሸንፋ እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ቆመች። በአምስት መቶኛ ሰከንድ ቀድማ ነበር።

ያሸነፈችበት ሰዓት 1 ደቂቃ ከ56.38 ነው። ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ የ1995ቱ ሰዓቷ ከዚህ ይፈጥናል። በ25 ዓመቷ የሮጠችው፣ በ34 ዓመቷ ወርቅ ካገኘችበት ይፈጥን ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 22፣ 1500 ሜትሩንም በ3 ደቂቃ ከ57.90 አሸነፈች። ያሻሻለችው የገዛ ራሷን የ1997 ክብረ ወሰን ነው፤ ልዩነቱም 17 መቶኛ ሰከንድ ብቻ። ሰባት ዓመት ሙሉ በውስጧ የነበረ ሩጫ ነው የወጣው። ስታዲየሙም ያው በ1997 እያነከሰች የወጣችበት ነው። በዚያች ሌሊት ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ገሩዥ ቀነኒሳን በ5000 ሜትር ቀድሞት የእኛ ሠፈር አዝኖ ነበርና፣ እርሷን ያስተዋለ ብዙ ሰው አልነበረም።

ሁለቱን ርቀቶች በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ብሪታንያዊ ከእርሷ በፊት አልበርት ሂል ብቻ ነው፤ እርሱም በ1920። ከሴቶች ደግሞ የሶቭየት ኅብረቷ ካዛንኪናና የሩሲያዋ ማስተርኮቫ ብቻ ቀድመዋታል።

ሙቶላስ? በዚያ ፍጻሜ አራተኛ ወጣች። በዚያ ክረምት የጭኗ ጡንቻ ተጎድቶ ነበር። በአትላንታ ሆልምስ በጉዳት ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ ስምንት ዓመት ቆይቶ ሙቶላ በጉዳት ቆመች። ይህን ሳስብ ወርቁን ለሆልምስ ያልመረቅሁበት ቀን የለም፤ ለሙቶላም ያላዘንሁበት። ከሁለቱ አንዷ ይበልጥ ስለ በረታች የሆነ ነገር አይደለም። እኛም ይህንን ሐዘን በዚያው ሰሞን ቀምሰነዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው በ10 ሺህ ሜትር ተሰልፎ አምስተኛ ሲወጣ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየዞሩ ሲጠብቁት ያየ ሰው አይረሳውም። ኃይሌ በዚያች ቀን ብርታት አጥሮት ነበር የሚል ኢትዮጵያዊ አለን? ለኃይሌ የሰጠነውን ፍርድ ለጎረቤታችንም፣ ለልጃችንም፣ ለራሳችንም እንስጥ ነው የምለው።

ሆልምስ በ2005 የፈረንጆች የዘመን መለወጫ ከአገሯ ትልቅ የክብር ማዕረግ ተሰጣት፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሩጫ አቆመች። ካስቆሟት ምክንያቶች አንዱ እንደገና ጉዳት ነው። በ2008 በስሟ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁማ፣ ከውድድር የወጡ አትሌቶች ችግር ውስጥ ያሉ ወጣቶችን እንዲያግዙ አድርጋለች። የ800 ሜትር ክብረ ወሰኗን በ2021 በቶኪዮ ሌላዋ እንግሊዛዊት ኪሊ ሆጅኪንሰን ሰበረችው፤ ያቺው ልጅ በ2024 በፓሪስ ወርቁን ወሰደች። ከኋላዋ ተከትላ ብሩን ያገኘችው ደግሞ የእኛዋ ጽጌ ዱጉማ ናት። በዚያ ርቀት ስማችን መጠራቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

እንግዲህ ጳጉሜ ሦስት ቀን በሩፋኤል ዝናብ የተጠመቃችሁ፣ ልጆቻችሁን ያስጠመቃችሁ፣ የለመናችሁትን ይስጣችሁ። በዚህ ዓመት ሥራችሁ የቆመባችሁ፣ ትምህርታችሁ የተቋረጠባችሁ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ወይም በአስታማሚ ወንበር ላይ በዓሉን የምታሳልፉ፣ በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት እየደከማችሁ ሕመማችሁን ለቤተሰብ የማትነግሩ፣ ይህ መልእክት መጀመሪያ የእናንተ ነው። ብርቱዎች ናችሁ። ወገባችሁ ያመማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ልባችሁ የከበዳችሁም እንዲሁ፤ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩት። በጃን ሜዳና በእንጦጦ ጎህ ሳይቀድ የምትሮጡ ልጆችም፣ ያመማችሁን እግር ደብቃችሁ አትሩጡበት።

ለሁላችሁም ሙሉ ጤና ያለበት ዓመት ያድርግላችሁ። መልካም አዲስ ዓመት!