በሠንጠረዡ ላይ የሰፈረው 19 ደቂቃ

በምሠራበት ድርጅት የጥገና ቡድኖችን ጉዞ የሚያቀናጀው ባልደረባዬ ለአንድ አስቸኳይ ሥራ ያዘጋጀውን መርሐ ግብር እንዳየው ሲልክልኝ፣ በበረራ ዓምድ ሥር 19 ደቂቃ የሚል ተጽፎ አገኘሁ። በሁለቱ አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 ሲሆን፣ ትኬቱ የሚለው ግን 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ባልደረባዬ ልዩነቱን አየር መንገዱ «ዘገየ» እንዳይባል የያዘው መጠባበቂያ አድርጎ ስለወሰደው፣ ቡድኑን የሚቀበለውን መኪና በራሱ ስሌት ቀጥሮታል።

የመጀመሪያው ስሕተት ስሌቱን እንደከፈትነው ታየ። ርቀት ከሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ የቀዳው ቁጥር 162 ነው፤ ያካፈለው ደግሞ በሰዓት 510 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው የአውሮፕላኑ ፍጥነት ነው። 162ቱ ናውቲካል ማይል መሆኑን ግን አላስተዋለም። እንዲህ ያሉ ገጾች ኪሎ ሜትሩን፣ ማይሉንና ናውቲካል ማይሉን ጎን ለጎን ስለሚደረድሩ፣ ለተቻኮለ ሰው መሳሳት ቀላል ነው። አንድ ናውቲካል ማይል 1,852 ሜትር በመሆኑ ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውም 35 ደቂቃ ሆነ።

የቀረውን 30 ደቂቃ ያስረዱን ቀደም ሲል በበረራ ዕቅድ ሥራ ላይ የነበሩ አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው። ሠንጠረዡን አይተው «አውሮፕላኑ እዚያው አየር ላይ ነው እንዴ የተሠራው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ጋሼ፣ ርቀቱ እኮ ትክክል ነው» አላቸው።

ርቀቱ በእርግጥም ትክክል ነበር፤ ነገር ግን በምድር ሉል ላይ ሁለቱን ማረፊያዎች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ብቻ ነው። የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። በመሆኑም ወደ መንደርደሪያው የሚያዘግምበትን፣ ተራ የሚጠብቅበትን፣ ከመደበኛ ፍጥነቱ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ከፍታ የሚይዝበትን ጊዜ ሁሉ ያካትታል። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም በተቻለ መጠን ወደ ነፋሱ ዞሮ ስለሆነ፣ መድረሻውን ከኋላው ትቶ የሚነሣበት ወይም ማረፊያውን አልፎ በሌላኛው ጫፍ የሚዞርበት ቀን አለ። ይህ ሁሉ ርቀቱ ስላጠረ አያጥርም፤ 150 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላንም የ300 ኪሎ ሜትሩን ግማሽ ጊዜ አይወስድም።

ነፋሱን ደግሞ በወረቀት ላይ አሰሉልን። በ275 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 275 ናውቲካል ማይል፣ የሚበር አውሮፕላን 40 ኖት ነፋስ ከፊት ቢገጥመው ከመሬት አንጻር በ235 ኖት ይሄዳል፤ ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ሲገፋው 315 ኖት ይደርሳል። ለዚህ ርቀት 41 እና 31 ደቂቃ ማለት ነው፤ በአንድ መስመር ላይ የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት በጉዞ ሰሌዳ ላይ የሚለያየውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ባልደረባዬ መኪናውን በትኬቱ ሰዓት ላይ የሻንጣ መረከቢያ ጊዜ ጨምሮ እንደገና ቀጠረ። የሥራ ኃላፊያችን ግን ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ ቀድሞ መድረሱ ሲደመር፣ ከቢሮ እስከ ሥራው ቦታ የሚፈጀው ጊዜ ከ3 ሰዓት በላይ ከሆነ፣ መኪና ምን ያህል ይዘገያል? በመኪና 6 ሰዓት ስለሚወስድ ባለሙያዎቹ እንዲበሩ፣ ከባዱ መሣሪያ ግን በዋዜማው በመኪና እንዲላክ ተወሰነ።