«ምን አገባሽ?» የተባለችው ትንሽ አገር፦ የጋምቢያን ክስ ያጠናሁበት መንገድ

ጋምቢያ ሚያንማርን ዘ ሔግ ባለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ወንጀል ከሰሰች የሚለውን ዜና ያነበብኩት ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ኔዘርላንድስ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ካላመለከትኩ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የሕግ ትምህርት አንድ ነገር አጥብቆ አስተምሮኛል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33 እንደሚለው፣ በክርክሩ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ከሚያንማሯ ራካይን ግዛት ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሴኔጋል ተከብባ፣ በወንዟ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት አገር ስለ ሮሂንጊያዎች፣ ስለዚያች ግዛት ሙስሊም አናሳ ሕዝብ፣ ለመክሰስ ምን አግብቷት ነው? የጥናቴ መነሻ ይህ ጥያቄ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ነገሩን አነሣሁላቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ጋሼ፣ ይህቺ አገር ምን አግብቷት ነው?» ስላቸው ለአፍታ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛንም እኮ በሃምሳ ስምንት ‹አያገባችሁም› ብለውናል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አከራክረው» አሉኝ። ጉዳዩን በስም አውቀው ነበር እንጂ ዘርዝሬ አላነበብኩትም ነበር። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ወፍራሞቹን ጥራዞች አወጣሁ።

ደቡብ አፍሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአደራ የተሰጣትን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ እንደ ራሷ ግዛት ይዛ የአፓርታይድን ሥርዓት ዘርግታባት ነበር። በጁን 1960 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት ነጻ የአፍሪካ አገሮች ጉዳዩ ለዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ተስማሙ። ክሱን የመመሥረት ኃላፊነት በቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባል በነበሩት በኢትዮጵያና በላይቤሪያ ላይ ወደቀ። አቤቱታው በኖቬምበር 4 ቀን 1960 ገባ። በ1962 ፍርድ ቤቱ የደቡብ አፍሪካን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ውድቅ አድርጎ ክርክሩ እንዲቀጥል ፈቀደ። በጁላይ 18 ቀን 1966፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 11 ቀን 1958፣ ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉና አውስትራሊያዊው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ክሱን ዘጉት። የተሰጠው ምክንያት ሁለቱ አገሮች በክሱ ነገር የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም የሚል ነው። የአጎቴ «አያገባችሁም» ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ ይልቅ ፍርዱን በትክክል ገልጾታል።

ጥያቄዬ በዚህ ተስተካከለ፦ በ1966 ለሁለት የአፍሪካ አገሮች የተዘጋው በር በ2019 ለሦስተኛዋ እንዴት ሊከፈት ቻለ?

የመጀመሪያው ረቂቄ ግን ከጥያቄው ርቆ ሄደ። ስለ ወቅቱ የጋምቢያ የፍትሕ ሚኒስትር ስለ አቡባካር ታምባዱ አሥራ አምስት ገጽ ጻፍኩ። ታምባዱ ለዓመታት በአሩሻው የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሠርተዋል። በ2018 በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ምትክ ባንግላዴሽ፣ ዳካ በተካሄደው የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ስብሰባ ተገኝተው ሮሂንጊያዎች ወደተጠለሉበት ወደ ኮክስ ባዛር መጠለያ ሲሄዱ፣ ከስደተኞቹ አፍ የሰሙት ነገር ከሩዋንዳ ምስክሮች ሲሰሙት የኖሩት ሆነባቸው። ይህ እውነት ነው፤ ያለ እርሳቸው ክሱ ይታሰብ ነበር ብዬ አላምንም። አማካሪዬ ግን ረቂቁን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት ነበር፦ «የእኚህን ሰው ሐዘን የአገር ፖሊሲ ያደረገው ምንድን ነው?» መልስ አልነበረኝም። አሥራ አምስቱን ገጽ ወደ ሁለት አሳጥሬ፣ ንግግሮችን ትቼ ሰነዶችን በቀን ቅደም ተከተል ማንበብ ጀመርኩ። ከጥናቱ ሁሉ የጠቀመኝ ውሳኔ ይህ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የ1948ቱን የዘር ማጥፋት ስምምነት የተቀበሉ አገሮችን ዝርዝርና እያንዳንዳቸው ያስመዘገቡትን ተዓቅቦ፣ ማለትም «ይህ አንቀጽ አይገዛኝም» ብለው ያስቀሩትን፣ ነበር። ዝርዝሩ አሰልቺ ይመስላል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስምምነቱን ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፣ በጁላይ 1 ቀን 1949። ጋምቢያ በ1978 ያለ ምንም ተዓቅቦ ገባች። ሚያንማር በ1956 ስታጸድቅ በአንቀጽ 6 እና 8 ላይ ተዓቅቦ አስመዝግባለች፤ አለመግባባቶች ወደ ፍርድ ቤቱ እንዲሄዱ የሚፈቅደውን አንቀጽ 9 ግን አልነካችውም። ከሚያንማር ጦር የ2017 ዘመቻ የሸሹትን ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሮሂንጊያዎች የተቀበለችው ባንግላዴሽ በበኩሏ፣ በአንቀጽ 9 መሠረት ለመካሰስ የሁሉም ተከራካሪዎች ስምምነት ያስፈልጋል ስትል ቀድማ አስታውቃለች። ይህን ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ሸክሙን የተሸከመችው ጎረቤት እጇ በራሷ ቃል የታሰረ ሲሆን፣ ሩቋና ትንሿ አገር ግን እጇ ነጻ ነበር። የአንዲት ትንሽ አገር ኃይል ከአርባ ዓመት በፊት በፈረመችውና ባልሸራረፈችው ወረቀት ውስጥ ተቀምጦ ሊቆይ እንደሚችል የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ቀጥሎ የሳበኝ አንድ አጭር ደብዳቤ ነው። ጋምቢያ ክሱን በኖቬምበር 11 ከማስገባቷ ልክ አንድ ወር ቀደም ብላ፣ በኦክቶበር 11 ቀን 2019፣ ለሚያንማር ዲፕሎማሲያዊ ማስታወሻ ልካ ስምምነቱን እየጣሰች መሆኑን አሳውቃለች። መልስ አልመጣላትም። በመጀመሪያ ንባቤ ይህን እንደ ተራ የአክብሮት ሥርዓት ቆጥሬ አልፌው ነበር። ስህተቴን ያረመልኝ የማርሻል ደሴቶች ጉዳይ ነው። ያቺ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች እጅግ ትንሽ አገር በ2014 የኑክሌር ባለቤት የሆኑ መንግሥታትን ከሰሰች። በ2016 ፍርድ ቤቱ ክሶቹን ሳይመረምር ዘጋቸው፤ በብሪታንያው መዝገብ ላይማ ድምፁ 8 ለ8 ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ነው የተዘጋው። ምክንያቱም ከክሱ በፊት በአገሮቹ መካከል አለመግባባት መኖሩ አልታየም የሚል ነበር፤ ተከሳሾቹ እንደተወቀሱ እንኳ ያውቁ ነበር ለማለት የሚያበቃ ነገር አልተገኘም። የጋምቢያ ማስታወሻ ያንን ቀዳዳ አስቀድሞ ደፍኖታል። ሚያንማር አለመግባባት አልነበረም ብላ ስትከራከር ፍርድ ቤቱ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ይህንኑ ማስታወሻና የመጣለትን ዝምታ ጠቅሶ ነው የመለሰላት። ሕግ አጥኚ ለሆነ ሁሉ የምለው፣ ጥቃቅን የሚመስሉትን መልእክቶች ቀናቸውን እየጻፈ በአንድ ሰንጠረዥ ያስፍር። እኔ ያን ሰንጠረዥ ባልሠራ ኖሮ የአንድ ወሩን ልዩነት አላየውም ነበር።

ክርክሩ በዲሴምበር 10 ሲጀመር ከንጋቱ በፊት ፍርድ ቤቱ ካለበት ከሰላም ቤተ መንግሥቱ በር ደረስኩ። ጨለማውና ብርዱ የሚያስጨንቅ ነበር፤ ሌሊቱን እዚያው ያሳለፉ ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ተሰልፈዋል። ከፊቴ የቆመው ሮሂንጊያ ከጀርመን በሌሊት አውቶቡስ የመጣ ሰው ነበር። የአባቱን አሮጌ የመታወቂያ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟል። እያወጣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። «ከጋምቢያ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኩት። «ቢሆንም» ብሎ እጄን በሁለት እጆቹ ጨበጠ። መቀመጫው ሞልቶ ሁለታችንም ሳንገባ ቀረን። ከበሩ ማዶ ቆመን ክርክሩን በስልኬ ተከታተልነው። ታምባዱ ግድያው እንዲቆም ፍርድ ቤቱን ሲጠይቁ ሰውየው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ስልኩን የያዝኩበትን እጄን እንዳይንቀጠቀጥ ከታች ደገፈልኝ። በማግስቱ አውንግ ሳን ሱ ቺ አገራቸውን ወክለው ቆመው የዘር ማጥፋት ክሱን አስተባበሉ። የኖቤል የሰላም ሽልማት ባለቤት የነበሩት እኚህ ሴት ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ ያው የአገራቸው ጦር ሠራዊት በመፈንቅለ መንግሥት ሲያስራቸው ማየት ያሳዝናል።

ጊዜያዊ ትእዛዙ በጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ተሰጠ፤ ችሎቱን የመሩት ሶማሊያዊው ፕሬዚዳንት አብዱልቃዊ የሱፍ ነበሩ። ሚያንማር ራሷ የመረጠችው ዳኛ ጭምር በተስማማበት ሙሉ ድምፅ፣ አገሪቱ በስምምነቱ የተከለከሉ ድርጊቶችን እንድትከላከል፣ ማስረጃ እንዳይጠፋ እንድትጠብቅ፣ በአራት ወር ውስጥ ከዚያም በየስድስት ወሩ ሪፖርት እንድታቀርብ ታዘዘች።

ማታ ማታ ደግሞ የጋምቢያን የእውነት፣ የዕርቅና የካሳ ኮሚሽን ምስክርነቶች በቪዲዮ እመለከት ነበር። ያህያ ጃሜህ ጋምቢያን ለ22 ዓመታት ገዝተው በጃንዋሪ 2017 በምዕራብ አፍሪካ ጎረቤቶቻቸው ግፊት አገር ጥለው ወጡ። ከመውደቃቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብለው አገሪቱን ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እንደሚያስወጡ አስታውቀው ነበር፤ ተተኪያቸው አዳማ ባሮው ሥልጣን እንደያዙ ውሳኔውን ሻሩት። በ2019 በኮሚሽኑ ፊት የቀረቡት የጃሜህ ገዳይ ቡድን የቀድሞ አባላት የጋዜጠኛውን የዴዳ ሃይዳራን ግድያ ጨምሮ የሠሩትን በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። መጀመሪያ ይህን ከርዕሴ ውጭ የሆነ የአገር ውስጥ ጉዳይ አድርጌው ነበር። ኋላ ግን ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት። ዘ ሔግ ላይ ስለ ሌላ ሕዝብ ደም የምትጠይቅ አገር፣ በዚያው ዓመት ባንጁል ላይ የራሷን ልጆች ደም እየጠየቀች ነበር። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በዚያች ከተማ ስም «የባንጁል ቻርተር» ይባላል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ሆኖ ሳለ ከተማዋ ያን ሁሉ ዓመት በፍርሃት ኖራለች። ስለዚህ የጋምቢያን አቋም አመስግኜ ብቻ ማለፍ አልፈለግሁም። የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክለው ሕግ በ2024 ሊሻር ተቃርቦ በምክር ቤቱ የዳነው በዚያችው አገር ነው።

ዋናውን ድክመቴን ያጋለጠው የጥናቱ መከላከያ ዕለት ነው። የእስላማዊ ትብብር ድርጅትን ሚና በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ገልጬው ነበር። ጋምቢያ የድርጅቱን የሚኒስትሮች ኮሚቴ ትመራ እንደነበርና ከ57ቱ አባል አገሮች ለክሱ መዋጮ ይጠየቅ እንደነበር ጎላ አድርጌ ከጻፍኩ የትንሿ አገር ታሪክ የሚደበዝዝ መስሎኝ ነው። ከፈታኞቹ አንዷ ቀጥታ እዚያው ላይ ያዙኝ። «እውነተኛው ከሳሽ ድርጅቱ ቢሆንስ?» አሉኝ፤ ተንተባተብኩ። በኋላ ሚያንማር ያቀረበችው የመጀመሪያው መቃወሚያ ይኸው ሆነ። ፍርድ ቤቱም ጋምቢያ በራሷ ስም መክሰሷን አረጋግጦ፣ ሌላ አካል ሐሳቡን ማቅረቡም ሆነ በገንዘብ መደገፉ ከሳሽነቷን አይለውጠውም ሲል መለሰ። የተቃዋሚህን ጠንካራ ነጥብ በግርጌ ማስታወሻ መደበቅ ነጥቡን አያጠፋውም፤ አንተን ግን ያለ መልስ ያስቀርሃል። ለትንሽ አገር ወዳጅ ማሰባሰብ ሥራው ራሱ ነውና፣ ያን ምዕራፍ ከአፍረት ነጻ ሆኜ ብጽፈው ኖሮ ጥናቱ ይበልጥ እውነተኛ ይሆን ነበር።

የ«ያገባኛል»ን የሕግ ታሪክ ለመጻፍ ግን አልተቸገርኩም። ከ1966ቱ ፍርድ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1970 በባርሴሎና ትራክሽን መዝገብ፣ ፍርድ ቤቱ ዘር ማጥፋትን መከልከልን የመሰሉ ግዴታዎች አገሮች ለዓለም ማኅበረሰብ በሙሉ ያለባቸው ግዴታዎች ናቸው አለ። ቤልጂየም ሴኔጋልን በቀድሞው የቻድ መሪ በሂሴን ሀብሬ ጉዳይ በከሰሰችበት መዝገብ ደግሞ፣ በ2012፣ የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱ አባል መሆን ብቻ ለመጠየቅ እንደሚያበቃ ወሰነ። ሐሳቡን በአማርኛ ለመጻፍ ስሞክር «የጋራ ግዴታ» ላላብኝ፤ «ለሁሉም ያለብን፣ ሁሉም የሚጠይቀን ግዴታ» የሚለው ቢረዝምም ትክክል ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በጁላይ 22 ቀን 2022 ፍርድ ቤቱ የሚያንማርን መቃወሚያዎች በሙሉ ውድቅ ሲያደርግ ለአጎቴ ደወልኩ። የጋምቢያን የመክሰስ መብት የተመለከተውን አንቀጽ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። 15 ለ1 ስላቸው ደገሙልኝ፤ እኔም ደገምኩት። አንዷ ማን እንደሆነች ጠየቁ። ቻይናዊቷ ዳኛ ሹዌ ሀንቺን መሆናቸውን፣ በተለየ ሁኔታ ያልተጎዳ አገር መክሰስ እንደማይችል በልዩነት መጻፋቸውን ነገርኳቸው። «አሁንም ያ ነገር አልሞተም ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ሰዎቹስ? ወደ ቤታቸው ተመለሱ?» ብለው ጠየቁኝ።

አልተመለሱም፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ኮክስ ባዛር ናቸው።