26 ቀን ፎርማሊን ውስጥ

እናቴ ውስጥ እግሯ ላይ የወጣውን ጥቁር ነገር «እሾህ ወግቶኝ ነው» እያለች ሁለት ክረምት አሳለፈች። መድማት ሲጀምር ከደምቢያ ጎንደር አመጣኋት። ካርድ አወጣን፣ ከቁስሉ ቆንጥረው መረመሩ፣ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ፣ በቀዶ ጥገና ወጣ። እስከዚህ ደህና ነበር።

ሐኪሙ የዘረመል ምርመራ አዘዘ። ነጮች ላይ ከሚወጣው የቆዳ ሜላኖማ ግማሽ ያህሉ ብራፍ የሚባለው ጂን ተለውጦ ይገኝበታል። ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ ግን ይህ ለውጥ ያን ያህል አይገኝም፤ ስለዚህ ኪት የሚባለው ጂንም አብሮ ይታያል። መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚሁ ውጤት ነው።

የወጣውን ሥጋ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ አድርገው ለእኔ ሰጡኝ። ሁዳዴ የገባ ሰሞን ነው። ላቦራቶሪ የተቀበለኝ ሰው «እዚያ አስቀምጪው እህቴ፣ ሲደርስ እንደውላለን» አለ። በ9ኛው ቀን ሄድሁ፤ ሥጋው ለምርመራ በስሱ እንዲቆረጥ የሚገባበት ሰም አልቋል። በ17ኛው ሄድሁ፤ ሰሙ መጥቷል፣ ማሽኑ ቆሟል። ብልቃጧ የእናቴ ስም እንደተለጠፈባት መስኮቱ ሥር ነበረች። በዓይኔ አይቻት «እሺ» ብዬ ወጣሁ! እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ «እሺ» ነው። ሥጋው ሰም ውስጥ የገባው በ26ኛው ቀን፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ነው።

ውጭ አገር ተልኮ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ ዲኤንኤው ተቆራርጧል፣ ማንበብ አልተቻለም። ናሙና ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 እስከ 72 ሰዓት መሆኑን ያኔ ሰማሁ። ፎርማሊን ሥጋውን ከመበስበስ ያድነዋል፤ ሲቆይበት ግን ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል። በማይክሮስኮፕ ሴሉ ደህና ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። ይህን ሊነግረኝ የሚገባ ሰው በየወሩ ደመወዝ ይወስዳል።

ሁለተኛው ናሙና የተወሰደው ከብሽሽቷ ንፍፊት ነው። በሽታው እዚያ ደርሶ ነበር። በማግስቱ ሰም ውስጥ እስኪገባ በር ላይ ቆሜ ዋልሁ። ኪት ላይ ለውጥ ተገኘ፤ ኢማቲኒብ የሚባለውን መድኃኒት ጀመረች።

«ቤት ሆናችሁ ጠብቁ» ቢሏችሁ አትስሙ፤ በየቀኑ ሂዱ። ሥጋው የወጣበትን ቀንና ሰዓት ብልቃጡ ላይ አስጽፉ። ፎርማሊኑ የሥጋውን አሥር እጥፍ ያህል መሆኑን ጠይቁ። ሥጋው ያለበትን የሰም ብሎክ «የተቋሙ ንብረት ነው» ይሏችኋል፤ ፈርማችሁ ለመውሰድ ተከራከሩ። ኤልዲኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከፍዬ አሠርቻለሁ፤ ትርጉሙ የሚጎላው በሽታው ሩቅ አካል ሲደርስ ነው። ያን ብር ናሙናውን ሌላ ላቦራቶሪ ለማድረስ ባውለው ኖሮ ብልቃጧ መስኮት ሥር አትከርምም ነበር።