ከ2 ቮልት በታች

ዛሬ ማታ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም። ስልኬን ሳሎን ትቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። ከሬዲዮው ያወጣኋቸው ድንጋዮች እዚያው ነበሩ። እማዬ ብትሆን ፀሐይ ላይ ታሰጣቸው ነበር። አንዱን በቴስተር ለካሁት፤ ከ1 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። ለሬዲዮው አልበቃውም። ለሌላስ?

74ኤችሲ የሚባሉት ሎጂክ ቺፖች (0 እና 1ን የሚያቀነባብሩ ትንንሽ ቺፖች) ዳታሺት፣ ማለትም የአምራቹ መግለጫ፣ ከ2 እስከ 6 ቮልት ይላል። ብዙ ሰው ከ2 በታች ቺፑ ይሞታል ብሎ ያስባል። እዚያ ላይ የሚያልቀው ግን የአምራቹ ቃል ነው። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ከ1 ቮልት በታች መከፈት (ኤሌክትሪክ ማሳለፍ) ይጀምራሉ። በመሃል ሰፊ ቦታ አለ። እዚያ ቺፑ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ይሄን በጆሮዬ መስማት አማረኝ።

የ74ኤችሲ04ን አምስት ኢንቨርተሮች (0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 የሚገለብጡ) ቀለበት አድርጌ አያያዝኳቸው። ቁጥራቸው ጎዶሎ ስለሆነ ምልክቱ ማረፊያ አያገኝም፤ ሲገላበጥ ይዞራል። በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ 74ኤችሲ4040 የሚባለው ቆጣሪ ቺፕ ለ4096 ያካፍለዋል። መጨረሻው ላይ ፒዬዞ፣ ማለትም ትንሽ ድምፅ ማውጫ፣ አለ። ኤልኢዲ (ትንሿን መብራት) ሆን ብዬ ተውኩ። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 1.8 ቮልት ይፈልጋል፤ ቺፑ እየሠራ እሱ ቀድሞ ይጠፋል። ስንት ደህና ቺፕ ሞተ ተብሎ ተጥሏል!

(ለምትሞክሩ፦ ከ5 ቮልት ቦርድ ምልክት አታስገቡበት። በመግቢያው መከላከያ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው) ሾልኮ ቺፑን ይመግበዋል። በትንሽ ቮልት የሠራ ይመስላችኋል፤ በጓሮ በር እየበላ ነው።)

በ5 ቮልት ቀጭን ፉጨት ነው። ቮልቱን ስቀንስ ድምፁ እየወፈረ ወረደ። ወደ 1 ሲጠጋ ደካማ ጉርምርምታ ሆነ። ግን አለ። የፀጉር ማድረቂያ አመጣሁ። በ5 ቮልት ቺፑን ሳሞቀው ድምፁ ይወፍራል። በ1 ቮልት አካባቢ ደግሞ ይቀጥናል! ሙቀት ትራንዚስተሩ የሚከፈትበትን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርግለታል። ለተራበ ቺፕ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ይሄንን እንደገና እንደገና ሰማሁት፤ ደስ ይላል።

ስዋንሰንና ማይንድል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1972 እንዳሳዩት፣ ሲሞስ ሎጂክ (74ኤችሲም የሚሠራበት ዓይነት) ለዚያ ተብሎ ከተሠራ በክፍል ሙቀት እስከ 0.2 ቮልት አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ እያንዳንዷ መገላበጥ የምትበላው ኃይል ሩብ ብቻ ይሆናል። እኛ የምንጥለው ድንጋይ ውስጥ ገና ስንት ሥራ አለ።

አሁን የምመኘው ለእማዬ የውሃ ታንከሩ ሲሞላ የሚጮህ ነገር መሥራት ነው። ሬዲዮ በጨረሰው ድንጋይ ለወራት ጠብቆ፣ ውሃው ሲደርስ ብቻ የሚናገር። ጠረጴዛዬ ላይ እንደሚሠራ እርግጠኛ ነኝ። ግን ቃል የተገባበት ቦታ አይደለም። ከዚያው ፋብሪካ የወጣው ሌላ ቺፕ በዚሁ ቮልት ላይሠራ ይችላል። የሐምሌ ሌሊት ብርድም አለ፤ በዚያ ዝቅተኛ ቮልት ብርድ ቺፑን ይበልጥ ያዘገየዋል፣ ድንጋዩንም ያደክመዋል።

ባይጮህስ? ውሃው ገና ስላልሞላ ይሁን ቺፑ ስለቆመ፣ እማዬ በምን ታውቃለች?