ቫኑ ውስጥ አራት ሰው ብቻ

ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ባሉት ዴይ ፕሮግራሞች (አካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎች ቀን ቀን የሚውሉባቸው ማዕከላት) ውስጥ የሐበሻ ስታፍ ቁጥር ቀላል አይደለም። ሥልጠናው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛውም ስለ ወረቀት አሞላል ነው። እዚህ የምጽፈው የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸው አዋቂዎች ፉድ ፓንትሪ (ለችግረኞች ምግብ በነፃ የሚታደልበት ቤት) ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ሆነው እንዲሠሩ እንዴት እንዳስጀመርኩ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩና ምን እንደቀየርኩ ነው። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

መጀመሪያ የቁጥሩ ነገር። የተለመደው አሠራር አሥር ሰው ቫን ላይ አሳፍሮ ሞል መውሰድ፣ አንድ ዙር ማዞር፣ ፎቶ ማንሳትና መመለስ ነው። ይህ ሽርሽር ነው። ሽርሽር ክፉ ነገር አይደለም፣ ሰዎቹ ግን ከማንም ጋር አይተዋወቁበትም። በ2014 የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ኤችሲቢኤስ ሴቲንግስ ሩል የሚባለው፣ በሜዲኬይድ (በመንግሥት የጤና መድን) የሚከፈል እንዲህ ያለ አገልግሎት ሰውየውን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር እንደማንኛውም ነዋሪ የሚያቀላቅል እንዲሆን ያዛል። የመጨረሻው ማሟያ ቀን ማርች 17 ቀን 2023 ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሰዎቹን ከማዕከል አውጥቶ ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያገናኘው፣ ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ሰርቪስስ የሚባለው አገልግሎት በቡድን ሲሰጥ ጣሪያው አራት ሰው ነው። እኔም የምወጣው አራት ተሳታፊና ሁለት ስታፍ ይዤ ነው። ከአራቱ ዊልቸር የሚጠቀመው ቢበዛ አንድ ሰው ነው። አሥር ሰው ይዛችሁ ፓንትሪ ብትገቡ ባለቤቶቹ የሚሠራ ነገር ሊፈጥሩላችሁ ይጨነቃሉ። አራት ሰው ግን ጠረጴዛ ዳር ቦታ አያጣም።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ድርጅቱ ለትርፍ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ነው። ኤፍኤልኤስኤ የሚባለው የፌዴራል የሥራ ሕግ ለትርፍ በቆመ የግል ድርጅት ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚባል ነገር አይቀበልም። የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ማስተካከል ወይም ምግብ ቤት ገብቶ ሹካና ማንኪያ በናፕኪን መጠቅለል ሥራ ነው፤ ለሥራ ደግሞ ደሞዝ ይከፈላል። በአካል ጉዳት ምክንያት ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች መክፈልን ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ አስቀርታለች። ስለዚህ ጎረቤት ያለው ሱቅ "ልጆቹን አምጡልኝ፣ ያግዙኛል" ቢላችሁ በትሕትና እምቢ በሉ። "ልጆቹ" ማለቱንም እግረ መንገዳችሁን አርሙት፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው።

በስልክ "አክሰሲብል ናችሁ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። እኔ የምጠይቀው "ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሥራው ጠረጴዛ ድረስ አንድም ደረጃ የለም?" ብዬ ነው። ከዚያ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 32 ኢንች ክፍተት ሊኖረው፣ ከጠረጴዛው ሥር ለጉልበት 27 ኢንች ከፍታ፣ የጠረጴዛው ገጽ ከወለሉ ከ28 እስከ 34 ኢንች፣ ዊልቸር ለመዞር ደግሞ 60 ኢንች ስፋት ያስፈልጋል። ብዙ ፓንትሪ ያለው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ስለሆነ አሳንሰሩ ቁልፍ ይፈልግ እንደሆነና ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። የመጀመሪያው ስህተቴ የለካሁበት ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት ሄጄ ለካሁ፤ ኮሪደሩ ባዶ ነበር። እኛ የምንሠራው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ዕቃ የሚራገፍበት ቀን ሆኖ ኮሪደሩ በካርቶን ተሞልቶ ጠበቀን። አሁን የምለካው በምንሠራበት ቀንና ሰዓት ብቻ ነው።

የመጸዳጃ ቤቱን ነገር የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ ማለት አዋቂ የሚቀየርበት አልጋ ያለው ማለት አይደለም። የዳይፐር ቅያሬ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ጠቅላላ ጉዞው ከሰዓቱ ጋር መገጣጠም አለበት። የእኔ ፕሮግራም ይህን ይመስላል፦ 9፡45 መነሳት፣ 10፡15 መድረስ፣ ከ10፡30 እስከ 11፡30 ሥራ፣ 12፡00 ላይ ማዕከል። ከመውጣት በፊትና ከመልስ በኋላ ይቀየራል። ለምን 9፡00 ላይ አንነሳም? ከግሩፕ ሆም (በስታፍ እየታገዙ አብረው ከሚኖሩበት ቤት) የሚመጡት እስከ 9፡30 ገብተው ስለማያልቁ።

ቫኑ ላይ ዊልቸር ማሰር እኔ በጥንቃቄ ሳደርገው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳል፤ መፍታቱ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ዊልቸር ብቻ የምለው ለዚህ ነው፤ የቀሩት ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ይሰላቻሉ፣ የተሰላቸ ሰው ሥራው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። የቫኑ ወለል ላይ ያለው አራቱ ማሰሪያ የሚያዘው ጠንካራው የዊልቸሩ አካል ላይ ነው፤ ጎማ ላይ፣ እግር ማሳረፊያ ላይ ወይም ተነቃይ ክፍል ላይ አይደለም። አዳዲሶቹ ዊልቸሮች ማሰሪያው የሚገባበት ቦታ የት እንደሆነ በመንጠቆ ምልክት ያሳያሉ። ከታሰረ በኋላ ዊልቸሩን ያዙና ወዝወዝ አድርጉት፤ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይጠበቅ። የወንበሩ የራሱ ቀበቶ ለአቀማመጥ ነው፣ ለግጭት አያገለግልም፤ የቫኑ የወገብና የትከሻ ቀበቶ የግድ ነው። በባትሪ የሚሄድ ከሆነ ሊፍቱ ላይ ከወጣ በኋላ ማብሪያው ይጥፋ። የጃኬት እጅጌ መሪውን ነክቶ ወንበሩ ሊፍት ላይ እያለ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። የጀመርነው የታሸገ ምግብ በመለየት ነው። ሥራው ከሩቅ ቀላል ይመስላል፣ ውስጡ ግን አራት ውሳኔ አለ፦ ጣሳው ደህና ነው ወይ፣ ቀኑ የት ተጻፈ፣ ቀኑ ምን ይላል፣ የቱ ሳጥን ይገባል። አራቱንም ለአንድ ሰው ሰጥቼ ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ጣሳ አንድ ሳጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ በሰው ከፋፈልኩት። አንዱ ጣሳውን በእጁ ዳስሶ ያበጠውን፣ የዛገውንና መገጣጠሚያው ላይ የተሰረጎደውን ወደ ቀይ ሳጥን ይጥላል። መገጣጠሚያው ላይ ያለ ስርጉድ አየር ሊያስገባ ስለሚችል፣ ያበጠ ጣሳ ደግሞ ቦቱሊዝም (ሊገድል የሚችል የምግብ መመረዝ) ሊኖርበት ስለሚችል ክርክር የለውም። ሁለተኛው ጣሳውን ገልብጦ ዓመቱ አጠገብ ክብ ተለጣፊ ያደርጋል። ሦስተኛው ዓመቱን ከካርድ ጋር ያስተያያል። ካርዱ ላይ ዓመቱ በትልቁ ተጽፏል፣ ሳጥኑም ላይ ያው ካርድ ተለጥፏል። ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ቅርጽ ከቅርጽ ማመሳሰል ይችላል፤ አሠራሩ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አራተኛው ሳጥኑ ሲሞላ ያነሳል። እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምንሞላው፤ 24 ጣሳ ሾርባ የያዘ ካርቶን 12 ኪሎ ሊደርስ ይችላል።

ለእኛ ለሐበሾች የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 03/05/27 ማለት ማርች 5 ነው፤ አዲስ ስታፍ ሜይ 3 ብሎ ያነበዋል። የወሩ ልዩነት ለእኛ ሥራ ብዙም አይጎዳም፣ ግን ዓመቱን ከቀኑ ጋር ያምታታ አጋጥሞኛል። ሌላው፣ ቤስት ባይ የሚለው ጥራትን እንጂ መበላሸትን አይናገርም፤ ፓንትሪው ካለፈ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቀበል ራሱ ይወስናል፣ ጠይቃችሁ ካርዱን በዚያ አዘጋጁ። የሕፃናት የወተት ዱቄት ግን ቀኑ በፌዴራል ሕግ የሚገዛ ነው። ያለፈበት ለማንም አይሰጥም፣ ስለዚህ ለብቻው ሳጥን አለው፣ እሱንም ስታፍ ደግሞ ያያል።

ከሁለት ወር በኋላ ምግቡን በቦርሳ ወደ ማሸግ ገባን። ካርቶን ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ መቀመጫ በማርከር አዞርኩ፦ ሁለት ክብ ለባቄላ፣ አንድ ክብ ለቱና፣ አንድ አራት ማዕዘን ለፓስታ፣ አንድ ለሩዝ። ቦታዎቹ ሲሞሉ ለአንድ ቦርሳ የሚሆነው ሞላ ማለት ነው። "ስንት አስገባህ?" ብሎ የሚጠይቅ አያስፈልግም፣ ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። ችግሩ ፓንትሪው በየሳምንቱ የሚሰጠው ዕቃ መለዋወጡ ነበር፤ ቱና ሲያልቅ ባዶ ክብ ይቀራል፣ አንድ ተሳታፊያችን ባዶ ክብ እያየ ወደሚቀጥለው ቦርሳ አያልፍም። መፍትሔው ክቡን በወረቀት ቆርጦ በሚነቀል ቴፕ መለጠፍ ሆነ። ቱና ከሌለ ወረቀቱ ይነሳል፣ ጉዳዩ ያልቃል።

ከሁሉም የከበደው እኛን ስታፎቹን ማረም ነበር። አስተዳደጋችን ነው፤ ሰው ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲዘገይ ስናይ "ውይ፣ እኔ ላድርግልህ" እንላለን። ጥሩ ልብ ነው፤ ግን በዚያ ፍጥነት ስታፉ ሲያሽግ ተሳታፊው ቆሞ ያያል፣ ወረቀቱ ላይ ግን በጎ ፈቃድ ሠራ ተብሎ ይጻፋል። ያወጣሁት ደንብ፦ ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልጀመረ በጣት ጠቁሙ፣ እንደገና አሥር። ካልሆነ አንድ ጣሳ ራሳችሁ ሠርታችሁ አሳዩት። እጁን መያዝ የመጨረሻው ነው፣ እሱም ከፈቀደ። አሥር ሰከንድ ጠረጴዛ ዳር ስትቆሙ ምን ያህል እንደሚረዝም ሞክሩት። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ስላልገባው ሳይሆን ሰውነቱ ትእዛዙን ለመፈጸም ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ደግማችሁ ከተናገራችሁ ከዜሮ ታስጀምሩታላችሁ።

ምግብ የሚታደልበት ቤት ስለሆነ የመታነቅ አደጋም አለ። ደግ የሆኑ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ዶናት በሣህን ይዘው ይዞራሉ። ለመዋጥ የሚቸገሩ ሰዎች ምግብ በሚመደብበት በአይዲዲኤስአይ መለኪያ ደረጃ 5 የታዘዘለት አዋቂ የምግቡ ቅንጣት ስፋት ከ4 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፣ ዶናት ለእሱ አደጋ ነው። ለአስተባባሪዋ አስቀድሜ የምነግራት "ለቡድናችን ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት እኛን ጠይቁን" ብቻ ነው፤ ማን ምን እንዳለበት አልዘረዝርም፣ የግል የጤና መረጃው ነው። በከረጢቴ ውስጥ ለእያንዳንዱ የሚስማማ መክሰስ፣ የመጠጥ ማወፈሪያ ዱቄት፣ ቅያሬ ልብስ፣ ጓንት፣ የድንገተኛ ጊዜ ካርድ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ደግሞ የታዘዘው መድኃኒት ይኖራል። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሥልጠናው ያለው ስታፍ ስለሆነ ከሁለታችን አንዱ የግድ እሱ ነው። ያ ስታፍ ከቀረ አንወጣም። ለፓንትሪው እስከ 8፡00 እደውላለሁ።

ሌሎች ቦታዎችንም ሞክረናል። የእንስሳት መጠለያ ለድምፅ ስስ ለሆኑት አይሆንም፣ የውሻው ጩኸት ከባድ ነው፤ ፎጣ የሚታጠፍበት ክፍል ግን ጥሩ ነው። ለአረጋውያን ምግብ በየቤቱ ማድረስ ደስ ይላል፣ ትኩሱ ከ140 ፋራናይት እንዳይወርድ ግን ከ6 ቤት በላይ አትያዙ።

መናገር የማይችል ሰው ሥራውን ወደደው ወይስ አልወደደውም? አንድ ቀን አይበቃም፣ ሦስት ጊዜ ወስጄ አያለሁ፦ ጃኬቱን ራሱ ያነሳል ወይ፣ የፓንትሪውን ፎቶ ሳሳየው ይይዘዋል ወይስ ይገፋዋል፣ ከጠረጴዛው ስንቴ ይነሳል። እምቢ ካለ ቀርቶ የሚሠራው ሌላ ነገር ማዕከሉ ውስጥ ከሌለ "ምርጫ ሰጠሁት" ማለት ውሸት ነው። ሪፖርት ላይም "ጥሩ ጊዜ አሳለፈ" አልጽፍም። "31 ጣሳ ዳሰሰ፣ 3ቱን ለየ፣ ሁለት ጊዜ በጣት ተጠቆመለት፣ 11፡10 ላይ ጆሮውን ያዘ፣ ኮሪደር ወጥቶ 5 ደቂቃ አርፎ ተመለሰ" ብዬ እጽፋለሁ። ቀጣዩ ስታፍ ከዚህ ተነስቶ 11፡05 ላይ እረፍት ይሰጠዋል።

የፓንትሪው ሰዎች መጀመሪያ ላይ ጥያቄውን ሁሉ ለእኔ ነበር የሚያቀርቡት፤ "እሱ ውኃ ይፈልጋል?" ይሉኛል፣ እሱ ፊታቸው ቆሞ። ንግግር አላደረግኩም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መቆም ጀመርኩ፣ ሲጠይቁኝም ወደ እሱ እመለከታለሁ። ከዚያ አስተባባሪዋን ለአራቱም ልክ የእነሱን በጎ ፈቃደኞች መለያ የሚመስል የስም መለያ እንድታሠራላቸው ጠየቅኳት፤ የማዕከላችንን ስም ሳይሆን የራሳቸውን ስም ብቻ የያዘ። መለያዎቹ የሚሰቀሉት እዚያው በሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ማንጠልጠያ፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ነው። ወደ ማዕከል ይዘናቸው ከመጣን ማክሰኞ ጠዋት አይገኙም።