ኤንፒኤች ይዞ ወደ ራስ ደጀን፦ ከእንጦጦ ልምምድ የተገኙ ማስታወሻዎች

ይህ ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን) እና ሬጉላር (ፈጠን ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን) ለሚወጉ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ተጓዦች ነው። የኢንሱሊን ፓምፕ ያለው ሰው ስሌቱ ሌላ ነው።

ልምምዱ እንጦጦ ላይ ይጀመራል፦ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ መናገሻ ሱባ ሙሉ ቀን። በየ30 ደቂቃው እየለኩ ሰዓቱን፣ የስኳሩን መጠን፣ የተወጋውን ዩኒትና የተበላውን ግራም ደብተር ላይ ማስፈር ነው። ከጥቂት ጉዞ በኋላ መልኩ ይወጣል። ጠዋት 12 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከጨነቅ ካምፕ ወደ ቧሂት ተራራ የሚወጣውም ያኔ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ዶዝ ይቀነሳል። መነሻው ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ነው፣ 20 ዩኒት የሚወጋ 16 ይወጋል፤ ቁርጡን ግን ደብተሩን ያየ ሐኪም ይወስን። ጨርሶ መተው አይሞከርም፣ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) ይመጣል። መርፌው ሆድ ላይ ይሁን፤ የሚሠራ ጭን ኢንሱሊኑን ቶሎ ይመጠዋል።

ሲነሱ የደም ስኳር ከ126 እስከ 180 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላት ነው። ከ250 በላይ ከሆነ ሽንት ላይ ኪቶን ይታይ፤ ካለ ጉዞ የለም።

መንገድ ላይ በሶ የሚተካው የለም፤ 40 ግራሙ ወደ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ስኳር ሲወርድ ግን ቆሎ ማኘክም ጭኮ መጉረስም ስህተት ነው፦ አንዱ ይዘገያል፣ የሌላው ቅቤ ያዘገያል። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት።

ብርዱ ተንኮለኛ ነው። አንዳንዱ መለኪያ ከ10 ዲግሪ በታች ኤረር ይላል፤ ደረት ኪስ ውስጥ ይያዝ፣ ሌሊት ብልቃጡም መለኪያውም መኝታ ከረጢት ውስጥ ይደሩ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። ኤንፒኤቹ ሲንከባለል የማይሟሟ ጉብታ ካሳየ አልቆለታል፤ ሬጉላሩ ግን ተበላሽቶም ጥርት ብሎ ያታልላል። ኢንሱሊን በበቅሎ አይጫንም፤ በቅሎዋ ቀድማ ካምፕ ትደርሳለች፣ ባለቤቱ ገደል ላይ ይቀራል። ግማሹን ጓደኛ ይያዘው።

ትልቁ ወጥመድ አምቢቆ ካምፕ ላይ ያለው ሌሊት ነው። ጡንቻ ያለቀበትን ስኳር ከደም መልሶ ሲሞላ እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ስኳሩ በእንቅልፍ ሊወርድ ይችላል። የማታው ኤንፒኤችም ይቀነስ፣ እራት በደንብ ይበላ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንቂያ ይደወልና ይለካ።

ከ4,000 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ሲመጣ ከፍታው ይሁን ስኳሩ በስሜት አይለይም፤ ይለካል። መለኪያው እምቢ ካለ እንደወረደ ቆጥሮ ስኳር መጠጣት፣ ከዚያ መውረድ። ስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ከደባርቅ ሳይወጣ ስኳሩ የት ኪስ እንዳለ ይወቅ፤ ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም እንደማይፈስም ጭምር ይነገረው፦ በጎኑ አስተኝቶ፣ ማር ድዱ ላይ በጣት መቀባት፣ ሰው መላክ።